ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን የሠሩት ሰዎች የት ደረሱ?

ባለፈው ወር ስለ ቆዩ የኮምፒውተር ጌሞች ስጽፍ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን፣ መንደር ገንብተህ ጦር የምትመራበትን ጌም፣ በአንድ መስመር ጠቅሼ አለፍኩ። እናንተ ግን እኔን አላለፋችሁኝም። ስለ እሱ የመጣው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ በልጧል፤ የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ሠሪዎቹ ነው። እንግዲያው የዚህ ወር አምድ የእነሱ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን የሠራው ማይክሮሶፍት ነው አይደል? ጓደኛዬ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ምሳ ተወራርደናል።» (ከሐዋሳ)

ምሳውን ጋብዝ። የሠራው ኤንሴምብል ስቱዲዮስ የሚባል የዳላስ፣ ቴክሳስ ድርጅት ነው። ማይክሮሶፍት አሳታሚው ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ስሙ ጎልቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ስቱዲዮውን ራሱን የገዛው ቆይቶ፣ በ2001 ነው። ጓደኛህ ይቺን ካላወቀ ቢያንስ ለስላሳውን እሱ ይክፈል።

አጀማመራቸው ደስ ይላል። ቶኒ ጉድማን ዳላስ ውስጥ ለድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ነበረው። ዳታቤዝ ምናምን፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ሥራ። እንጀራው ከዚያ ነው፣ ልቡ ግን ጌም ላይ ነበር። በ1995 ከወንድሙ ከሪክ ጉድማንና ከብራያን ሱሊቫን ጋር ሆኖ ኤንሴምብልን አቋቋመ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያስፈልግ የድሮ ወዳጃቸውን ብሩስ ሼሊን አመጡ። ሼሊ ማለት በ1991 የወጣውን ሲቪላይዜሽን የሚባል ጌም ከሲድ ሜየር ጋር የሠራው ሰው ነው። ከጉድማኖቹ ጋር የተዋወቀው ግን ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነበረ የቦርድ ጌም ክበብ ነው፤ ጠረጴዛ ከብበው፣ ዳይ እየወረወሩ።

ሐሳባቸው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሲቪላይዜሽን የሰው ልጅን ታሪክ ይዟል፣ ግን ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ይጠብቃል። ዋርክራፍትና ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ላይ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሯሯጣል፣ ግን ዓለሙ ጭራቅና ታንክ ነው። ኤንሴምብሎች ሁለቱን አጋቡ። መጀመሪያ «ዶን ኦፍ ማን» እያሉ የሚጠሩት ጌም በጥቅምት 1997 ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ተብሎ ወጣ። 12 ሥልጣኔ፣ ከድንጋይ ዘመን እስከ ብረት ዘመን። ፍሬ ትለቅማለህ፣ አጋዘን ታድናለህ፣ እንጨት ትቆርጣለህ፣ ስትደላደል ጎረቤትህን ትወራለህ። «ወሎሎ» እያለ የጠላትን ወታደር ወደ ራሱ የሚገለብጠው ቄስ እስከ ዛሬ ስንቱን ያናድዳል።

ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ልማድ ነበር። የሚሠሩትን ጌም ሁሉም ይጫወተዋል። ሥዕል የሚሥለውም፣ ድምፅ የሚሠራውም፣ ኮድ የሚጽፈውም። ከተጫወቱ በኋላ ቁጭ ብለው ይጨቃጨቃሉ፤ የሰለቸው ነገር ይወጣል፣ ያስደሰተው ይጠነክራል። ሼሊ በየመድረኩ ሲናገር የኖረው ስለዚህ ነው። እኔም የጌሞቻቸው ዕድሜ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል እንጂ ከግራፊክሱ አይደለም።

«ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው በጣም የተሻለ ነው። ምን ቢያደርጉ ነው? ሠሪዎቹስ ያው ናቸው?» (ከድሬዳዋ)

በአብዛኛው ያው ናቸው። ሪክ ጉድማን ግን ከመጀመሪያው ጌም በኋላ ወጥቶ ስቴንለስ ስቲል የሚባል የራሱን ስቱዲዮ ከፈተና በ2001 ኢምፓየር ኧርዝን አወጣ። ያንንም የተጫወታችሁ አትጠፉም።

ሁለተኛውን ክፍል፣ ዘ ኤጅ ኦፍ ኪንግስን፣ በአንድ ዓመት እንጨርሳለን ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ወሰደ። ገበያው ባዶ እንዳይሆን በመሐል በ1998 ለመጀመሪያው ጌም ዘ ራይዝ ኦፍ ሮም የሚል ተጨማሪ አወጡ፣ ዋናው በመስከረም 1999 ደረሰ። 13 ሥልጣኔ ይዞ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ዘ ኮንከረርስ የሚባለው ተጨማሪ ሲመጣ አምስት ተጨመሩ፤ ከአምስቱ ኮሪያ ወሬ አላት። ዲዛይነሩ ሳንዲ ፒተርሰን ቆየት ብሎ እንደተናገረው ኮሪያ በእቅዱ አልነበረችም። ሥራው ሊያልቅ ሲል ማይክሮሶፍት የኮሪያን ገበያ አይቶ ትግባልን አለ፣ ገባች። ስቱዲዮው ገና አልተሸጠም፣ የአሳታሚው እጅ ግን ድስቱ ውስጥ ነበር።

«እኔ ጋርላንድ ነው የምኖረው፣ ከዳላስ አጠገብ። ስቱዲዮው የት አካባቢ ነው? ልጆቼን ይዤ ሄጄ ላሳያቸው ብዬ ነበር።» (ከቴክሳስ)

አይልፉ፣ ስቱዲዮው የለም። በጥር 2009 መጨረሻ ተዘግቷል። ሰዎቹ ግን ብዙዎቹ እዚያው እርስዎ አካባቢ ቀሩ። ፕላኖ ላይ ሮቦት ኢንተርቴይንመንትን ከፍተው ኦርክስ መስት ዳይን ሠሩ። ቶኒ ጉድማን ፒፕልፈንን አቋቋመ፤ ስልክዎ ላይ ፊደል እያገናኙ ቃል የሚሠሩበት ወርድስኬፕስ ካለ የእነሱ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ፣ ፖልና ዴቪድ ቤትነር፣ ስቱዲዮው ከመዘጋቱ በፊት ወጥተው ማኪኒ ላይ ወርድስ ዊዝ ፍሬንድስ የሚባለውን የቃላት ጌም ሠርተው ዚንጋ ለሚባል የጌም ኩባንያ ሸጡ። ፖልን ያዙልኝ፣ ቀጥሎ እናገኘዋለን።

«የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በ1997 ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነበር። ስምንት ሰው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ወታደር፣ በዚያ መስመር እንዴት ተጫወቱ? እኛ ዛሬ በፋይበር እየተጫወትን ይቆራረጣል።» (ከባሕር ዳር)

ይሄ ጥያቄ ይመቸኛል። ፖል ቤትነርና ማርክ ቴራኖ የተባሉት የስቱዲዮው ፕሮግራመሮች ይህንኑ በዝርዝር ጽፈውታል፤ በሙያው ያለ ሰው እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል።

የነበራቸው ነገር ይሄ ነው። 90 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም፣ 16 ሜጋባይት ራም፣ በሴኮንድ 28.8 ኪሎቢት የሚያሳልፍ ሞደም። ዛሬ አንድ የቴሌግራም ስቲከር ለማውረድ በዚያ መስመር ትንሽ ትታገሣለህ።

መጀመሪያ ለማንም የሚመጣው ሐሳብ የእያንዳንዱን ወታደር ነገር መላክ ነው። የት ቆሟል፣ ወዴት ዞሯል፣ ምን እየሠራ ነው፣ ስንት ቆስሏል። ሒሳቡን ሠሩት። በዚያ መንገድ ቢሄዱ መስመሩ የሚችለው ቢበዛ 250 ተንቀሳቃሽ ነገር ነው፤ ለስምንት ሰው ስታካፍለው ጦርነት ሳይሆን የሰፈር ጠብ ይሆናል።

ስለዚህ ገለበጡት። ወታደሩን አትላከው፣ ትእዛዙን ላከው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሙሉውን ጌም ለብቻው ያስኬዳል፣ ስምንት ኮምፒውተር ካለ ስምንት ሙሉ ዓለም አለ ማለት ነው፣ እና ሁሉም አንድ ዓይነት ቦታ ተነስተው አንድ ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ሰዓት ካስፈጸሙ ውጤቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። በመስመሩ የሚያልፈው «ተጫዋች ሦስት እነዚህን ቀስተኞች ወደዚህ ቦታ ላከ» የሚለው ብቻ ነው። ቀስተኛው አሥር ይሁን መቶ መልእክቱ ትንሽ ነው።

ትእዛዙ ለሁሉም በእኩል ሰዓት እንዲደርስ ጊዜውን ቆራረጡት። አንዱ ቁራጭ እንደ አካሄዱ 200 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። አሁን የሰጠኸው ትእዛዝ አሁን አይፈጸምም፤ ሁለት ቁራጭ ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል ለሁሉም ይዳረሳል። የአንዱ ኮምፒውተር ከተንቀራፈፈ ወይም መስመሩ ከደከመ ቁራጩ ይረዝምና ሁሉም አብረውት ይዘገያሉ። «ማነው የሚጎትተን?» ተብሎ የሚጮኸው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሰውን እያስጫወቱ ሲያዩት ደግሞ አንድ ነገር ገባቸው። እስከ ሩብ ሴኮንድ የሚደርስ መዘግየት ማንም ልብ አይለውም። እስከ ግማሽ ሴኮንድም ሰው ይለምደዋል። ሰውን የሚያበሳጨው አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቀርፈፍ ሲል ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ወጥ ማድረግን መረጡ። የአንተ ፋይበርም የሚያስቸግርህ ምናልባት ፍጥነቱ ሳይሆን መዋዠቁ ነው፤ ለካው።

አሁን ጣጣው። ስምንቱ ዓለም ፍጹም አንድ መሆን አለበት። ፍጹም። እነ ቤትነር የጻፉት ምሳሌ ከአእምሮዬ አይወጣም። ካርታው ሲፈጠር አንዲት አጋዘን አንድ ኮምፒውተር ላይ በጣም ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቆመች እንበል። ሣር የምትግጠው ትንሽ ለየት ባለ መንገድ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ አዳኙ ገበሬ ትንሽ በሌላ መንገድ ይሄዳል፣ ወይም ጦሩ ይስታታል፣ ሥጋ ሳይዝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቃ፣ አንተ ኮምፒውተር ላይ ምግብ አለ፣ የኔ ላይ የለም። አንተ ዘንድ የተሠራው ፈረሰኛ እኔ ዘንድ አልተሠራም። ይህን ሳይይዙ መቀጠል ስለማይቻል ኮምፒውተሮቹ በየጊዜው ሒሳባቸውን ያስተያያሉ፣ ካልገጠመ ጌሙ ይቆማል። ስህተቱ የተፈጠረበትን ቦታ መፈለግ ደግሞ ሌላ ፍዳ ነው፤ የምታየው ችግር ፈረሰኛው ነው፣ ጥፋቱ ያለው ከሃያ ደቂቃ በፊት የነበረችው አጋዘን ጋ ነው።

ከዚህ ዘዴ ሁለት ነገር በነፃ ተገኘ። አንዱ፣ ወርቅህን በኮድ ሰብረህ መጨመር ከባድ ነው፤ ያንተ ዓለም ከሌላው ስለሚለያይ ወዲያው ትያዛለህ። (ካርታውን ገልጦ ማየት ግን ቀላል ነው፤ መረጃው ሁሉ አንተው ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። አጭበርባሪ መቼም አያጣም።) ሁለተኛው፣ የተጫወትከውን ቀርጾ ማስቀመጥ ቦታ አይፈጅም፤ የሚቀመጠው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ጌሙ ሲታደስ የድሮ ቅጂ አልከፍት የሚለውም ለዚሁ ነው፤ ሕጉ ትንሽ ከተለወጠ ያው ትእዛዝ ሌላ ጦርነት ይወልዳል።

«ሚሊዮኖች የገዙትን ጌም የሚሠራ ድርጅት እንዴት ይዘጋል? ከስረው ነው?» (ከአዲስ አበባ)

አልከሰሩም። ኤጅ ኦፍ ሚቶሎጂ በ2002 ወጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3 በ2005 ወጣ፣ እሱም ሁለት ሚሊዮን አለፈ። ሲዘጉ የሸጡት በጠቅላላው 20 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ሻጭ አልነበሩም ማለት አይቻልም።

ነገሩ የተጠነሰሰው በ2001 ይመስለኛል። ሲሸጡ ገንዘብ አገኙ፣ ስጋት ቀነሰ፣ የደመወዝ ሐሳብ ቀረ። ግን ስሙንም ነው የሸጡት። ከዚያ ወዲያ ኤጅ የሚባለው ነገር የማይክሮሶፍት ነው። ያው ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኤክስቦክስን፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመውን የጌም ማጫወቻ (ኮንሶል)፣ አወጣ፤ ቤቱ ፊቱን ወደ ኮንሶል አዞረ። ኤንሴምብሎች ደግሞ በማውስ ካልሆነ የማይመች ጌም የሚሠሩ የኮምፒውተር ሰዎች ናቸው።

እነሱም ቢሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ኤጅን ብቻ መሥራት አልፈለጉም። ሌላ ዓይነት ጌም እየጀመሩ ይተዉ ነበር። ትልቁ ሄሎ በሚባለው የማይክሮሶፍት የተኩስ ጌም ዓለም ላይ የተመሠረተ፣ ሺዎች በኢንተርኔት በአንድ ላይ የሚጫወቱት ጌም ነው። ሰው ተመደበበት፣ ገንዘብ ወጣበት፣ በ2007 ተሰረዘ። ያ ሁሉ ልፋት አንድ ሳጥን ሆኖ መደርደሪያ ላይ አልወጣም።

በጎን ደግሞ ጥቂቶቹ የስትራቴጂ ጌምን በጆይስቲክ እንዴት መጫወት ይቻላል ብለው ይሞክሩ ነበር። የራሳቸው ዓለም ነበራቸው፣ ሰዎችና ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን የሚዋጉበት። ማይክሮሶፍት ወደደው፣ ግን ሄሎ አድርጉት አለ። ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም፤ የራስህን ልጅ በሰው ስም ጥራ እንደመባል ነው። ሆኖም ሄሎ ዋርስ ሆነ፣ በ2006 በይፋ ተነገረ፣ ሥራው ቀጠለ።

ከዚያ መስከረም 2008። ሠራተኛው ተሰበሰበና ሄሎ ዋርስ እንዳለቀ ስቱዲዮው ይዘጋል ተባለ። ማይክሮሶፍት ውሳኔው የገንዘብ ነው አለ። ብሩስ ሼሊ በበኩሉ ሁላችንም ደንግጠናል ብሎ ጻፈ፤ በዓለም ካሉት ምርጥ ስቱዲዮዎች አንዱ ነን ብለው ያምኑ ነበርና። እንግዲህ አስቡት፣ እንደምትባረር እያወቅክ ለወራት ቢሮ ገብተህ ጌም አሳምረህ መጨረስ። እስከ መጨረሻው ለቆየ ተጨማሪ ክፍያ ነበረው፣ ብዙዎቹም ቆዩ። ጥር 29 ቀን 2009 በሩ ተዘጋ። ሄሎ ዋርስ ገበያ የወጣው ከወር ገደማ በኋላ ነው። ወጥቶም ብዙ ሳይቆይ ሚሊዮን ተሸጠ፤ ለኮንሶል የስትራቴጂ ጌም ደግሞ ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ባለቤቱ የሚያየው ስንት ተሸጠ የሚለውን ብቻ አይደለም። ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ደመወዝ ፈጀ ነው ሒሳቡ። ሦስትና አራት ዓመት በአንድ ጌም፣ በመሐል የሚሰረዝ ሌላ፣ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲጨመርበት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አላማረም። ይህን መረዳት ይቻላል። የማልረዳው ያንን የሚያህል ልምድ በትኖ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ እንደገና ለመሰብሰብ መሯሯጡን ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ኦንላይን ሲታሰብ ሥራው መጀመሪያ የተሰጠው ለማን ይመስላችኋል? ከተበተኑት ሰዎች ለተቋቋመው ለሮቦት። በገዛ ጌማቸው ተቋራጭ ሆኑ፣ እሱንም ሳይጨርሱት በ2011 ለሌላ ስቱዲዮ ተላለፈ።

«ልጄ ሲጫወት ወታደሮቹ አማርኛ ሲናገሩ ሰማሁ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያ የዳላስ ድርጅት ውስጥ ሐበሻ ነበር እንዴ?» (ከጀርመን)

እህቴ፣ ያ የዳላሶቹ ሥራ አይደለም። ኤንሴምብል በኖረበት ዘመን ኢትዮጵያ ጌሞቹ ውስጥ ገብታ አታውቅም። የመጀመሪያው ጌም ግብፅ አለው፣ ባቢሎን አለው፣ ፋርስ አለው፣ ቆይቶ ካርቴጅ ተጨመረ፤ የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ የነበረችው አክሱም ግን የለችም። ተቆጥቻለሁ ማለቴ አይደለም፣ ግን ታዝቤያለሁ።

ያስገቡን ደጋፊዎቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ስቱዲዮው ከተዘጋ በኋላ ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ከተለያየ አገር ተሰባስበው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ፎርጎተን ኢምፓየርስ የሚል ተጨማሪ ሠሩለት። በ2013 የታደሰው የሁለተኛው ክፍል ቅጂ ሲወጣ ማይክሮሶፍት ሥራቸውን በይፋ ተቀበለው፣ እነሱም ስቱዲዮ ሆኑ። በኅዳር 2015 ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ ወጣ። ኢትዮጵያ፣ ማሊ፣ በርበሮችና ፖርቱጋል የገቡት ያኔ ነው። ልጅዎ ሲጫወት የሰሙት አማርኛ ከዚያ ነው የመጣው።

የኛዎቹ በጌሙ ቀስተኞች ናቸው፤ ቀስታቸው ከሌላው ፈጠን ይላል። ልዩ ወታደራቸው ሾተል ይዞ የሚሮጥ ነው፣ ቶሎ ይመለመላል፣ ክፉኛ ይመታል፣ ጥሩር ግን ስለሌለው ቶሎ ይሞታል። አምስት ክፍል ያለው የዮዲት ታሪክም አለ። ከአክሱም ተሰድዳ፣ ጦር ሰብስባ፣ ተመልሳ ስታጠፋት። ከጽሑፍ ማስረጃ ይልቅ ለአፈ ታሪኩ ይቀርባል፤ ልጅዎን የታሪክ ትምህርት ነው ብለው እንዳያስተምሩት፣ ግን ከተጫወተ በኋላ ስለ ዮዲት ጉዲት ቢጠይቅዎ ደስ አይልም? በ2021 ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ላይ ኢትዮጵያና ሐውሳ ተጨምረዋል።

«ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከየትኛው ልጀምር?» (ከጅማ)

ከሁለተኛው። በ2019 ታድሶ የወጣው ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ከሁሉም ይሻላል፤ 4 ጊጋባይት ራም ካለህ ብቻህን ለመጫወት ትሞክረዋለህ። በኢንተርኔት ከሰው ጋር ለደረጃ መጫወት ከፈለግክ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተርህን ይፈትነዋል፣ ውጤቱ 1000 ካልሞላ አያስገባህም። ለባሕር ዳሩ ተማሪ የመለስኩትን ካነበብክ ለምን እንደሆነ ይገባሃል፤ አንተ ከቀረፈፍክ ሰባቱም አብረውህ ይቀረፈፋሉ። አራተኛውን፣ በ2021 ሬሊክ የሚባል ስቱዲዮ የሠራውን፣ በዚያ ላፕቶፕ አትሞክረው። ሌላው፣ ሁለተኛውን ስታወርድ የተሻሻለ ግራፊክስ የሚባል በነፃ የሚጨመር ጥቅል ታገኛለህ። ከባድ ነው፣ ጌሙ ያለሱም ይሠራል፣ በሞባይል ዳታ ከሆነ የምታወርደው ተወው።